በእንግሊዝ ስታዲየሞች የክብር መቀመጫ ምን ተለብሶ ይገባል?

በእንግሊዝ የእግር ኳስ ስታዲየሞች ተራ መቀመጫ የገዛ ደጋፊ እንዳሻው ለብሶ ይገባል፤ በቡድኑ ማልያም ሆነ በቱታ፣ በቁምጣም ሆነ ፊቱን ቀለም ተቀብቶ ቢመጣ ማንም ምንም አይለውም። የአለባበስ ደንብ የሚጀምረው ሆስፒታሊቲ በሚባለው የክብር መቀመጫ ላይ ነው። ይህ ቲኬቱ ከምግብ አዳራሽ፣ ከላውንጅ ወይም ቦክስ ከሚባለው የግል ክፍል ጋር ተያይዞ የሚሸጥበት ክፍል ነው፤ የአዲስ አበባ ስታዲየምን ለሚያውቅ ሰው ከካታንጋ ይልቅ ለክቡር ትሪቡን የሚቀርብ።

ኮትና ከረባት በክለብ ዳይሬክተሮች መቀመጫ የቆየ ልማድ ነው። በብሪታንያ የእግር ኳስ ሜዳ የመጀመሪያዎቹ የግል ቦክሶች የተሠሩት ኦልድ ትራፎርድ ለ1966 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ሲታደስ ነበር። የኋላ የኋላ የክብር መቀመጫ ትልቅ የገቢ ምንጭ ሆነ። በ2006 የተከፈተው የአርሰናል ኤምሬትስ ስታዲየም መካከለኛው ፎቅ ዙሪያውን በሙሉ ለዚህ ተመድቧል፤ በ2007 የተከፈተው አዲሱ ዌምብሌይም እንደዚሁ። ሁሉም ግን አልወደደውም። የማንቸስተር ዩናይትዱ አምበል ሮይ ኪን በኖቬምበር 2000 ከዳይናሞ ኪየቭ ጋር ከተደረገው ጨዋታ በኋላ፣ ሽሪምፕ ሳንድዊች እየበሉ ሜዳው ላይ የሚሆነውን የማይከታተሉ ተመልካቾችን አምርሮ ተቸ። ሳንድዊቹ ከዚያ ወዲህ የሆስፒታሊቲ ታዳሚ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለአንድ ጨዋታ ወደ እንግሊዝ የሚጓዝ ደጋፊ ከዚህ ደንብ ጋር መገናኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የታላላቆቹ ክለቦች ተራ ቲኬት በአብዛኛው ለአባላት ቅድሚያ ስለሚሸጥ አባል ላልሆነ ሰው እምብዛም አይደርሰውም። ከክለቡ ፈቃድ ውጭ የእግር ኳስ ቲኬት መሸጥ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ በእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ነው። ስለዚህ የሩቅ እንግዳ በሕጋዊ መንገድ በቀላሉ የሚያገኘው ቲኬት ብዙውን ጊዜ የሆስፒታሊቲው ነው። ውድ ነው፤ ግን አባልነት አይጠይቅም።

የመጀመሪያው ሥራ የተገዛው መቀመጫ ከየትኛው እርከን እንደሆነ መለየት ነው። ሰፊዎቹ ላውንጆች ዝቅተኛው እርከን ላይ ይገኛሉ። እዚህ የሚጠየቀው ስማርት ካዥዋል የሚባለው፣ ከቤት ልብስ ከፍ ከሙሉ ልብስ ዝቅ ያለ አለባበስ ነው፤ ያልተቀደደ ጂንስና ንጹሕ ስኒከር በብዙ ቦታ ያልፋል። ቀጥሎ ጠረጴዛ ተይዞ ምሳ የሚበላባቸው ሬስቶራንቶች አሉ፤ በአንዳንዶቹ ወንዶች ኮት እንዲለብሱ ይመከራል፣ ጂንስ የማይፈቅዱም አሉ። ቦክስን በአብዛኛው የሚከራየው ድርጅት ነው። በዚያ የክለቡ ደንብ እንደተጠበቀ ሆኖ የጋባዡ ልማድ ይጨመርበታል፤ የሕግ ቢሮ የጠራው ሰውና የስልክ መሸጫ ባለቤት የጠራው ሰው አንድ ዓይነት አይለብሱም። ከሁሉም በላይ ያለው የዳይሬክተሮች መቀመጫ ነው። እዚያ በአብዛኛው በገንዘብ ሳይሆን በግብዣ ይገባል፤ ለወንዶች ኮትና ከረባት፣ ለሴቶችም በዚያው ልክ የሆነ ልብስ ይጠበቃል።

ሁለተኛው ሥራ የቲኬቱን ማረጋገጫ ኢሜይል እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። በአንድ ስታዲየም ውስጥ ያሉ ሁለት ላውንጆች የተለያየ ደንብ ሊኖራቸው ይችላል፤ ከዓመት ዓመትም ይለወጣል። ባለፈው የውድድር ዘመን የገባ ወዳጅ የሚሰጠው ምክር ጥሩ መነሻ እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። ቲኬቱ የተገኘው በድርጅት ግብዣ ከሆነ ጋባዡን ሁለት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ጂንስ ይፈቀዳል ወይ? ስኒከርስ? የሁለቱ መልስ ሌላውን ሁሉ ይነግራል።

ከዚያ የማይፈቀደው ከሻንጣ ይወጣል። ዝርዝሩ ከክለብ ክለብ ብዙም አይለያይም፦ ቱታ፣ የስፖርት ቁምጣ፣ የተቀደደ ጂንስ፣ ነጠላ ጫማ፣ እጅጌ የሌለው ካናቴራ፣ የሥራ ቱታና ቦት፣ ስድብ ወይም የፖለቲካ መፈክር ያለበት ልብስ። የፀሐይ ኮፍያ ከውጭ ምንም ባይሆንም አዳራሽ ውስጥ እንዲወልቅ የሚጠይቁ አሉ። ሒጃብና ጥምጥምን የመሰለ የሃይማኖት ልብስ ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ እምነት በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ጥበቃ ያለው ነው። የባለሜዳው ክለብ ማልያ ጉዳይ ይለያያል። አንዳንድ ላውንጅ ይፈቅደዋል፣ አንዳንዱ የማንንም ማልያ አያስገባም፣ ሌላው ደግሞ ለልጆች ብቻ ይተወዋል። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያጣራ በር ላይ ከሚመጣ ለቅሶ ይድናል።

ሰውን ከበር የሚያስመልሰው ግን ከከረባት ይልቅ ቀለም ነው። የሆስፒታሊቲ ክፍሎች የባለሜዳው ደጋፊዎች የሚቀመጡባቸው ናቸውና የተጋጣሚው ቡድን ማልያ፣ ሻርፕ ወይም አርማ በየትኛውም ክለብ አይፈቀድም ማለት ይቻላል። ክልከላው የወግ ጉዳይ ሳይሆን የጸጥታ ነው፤ የሁለት ቡድን ደጋፊዎችን ለይቶ ማስቀመጥ የእንግሊዝ ስታዲየሞች አሠራር መሠረት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሩቅ የመጣው እንግዳ የተጋጣሚው ደጋፊ ሲሆን ነው። የማንቸስተር ዩናይትድ ወዳጅ ቡድኑን ለማየት የኤምሬትስን የክብር መቀመጫ ገዝቶ ቢገባ፣ ዘጠና ደቂቃ በአርሰናል ሰዎች መካከል እንደ ገለልተኛ ተመልካች መቀመጥ ይጠበቅበታል። ማልያውን ከሹራብ ሥር መልበስ የተለመደ ብልጠት ነው፤ ይሁን እንጂ አዳራሹ ሞቆ ሹራብ ሲወልቅ ወይም ጎል ሲገባ ይጋለጣል። ማልያ ሳይለብስ እንኳ ለተጋጣሚው ጎል ከመቀመጫው ብድግ ብሎ የጨፈረ ሰው እንዲወጣ ሊጠየቅ ይችላል።

ያለ አርማ የሆነ ቀለም በደንብ አይከለከልም፤ ዓይን ውስጥ ግን ይገባል። ከአርሰናል ጋር በሚደረግ ጨዋታ ቶተንሃም ላውንጅ ውስጥ ደማቅ ቀይ ሹራብ ለብሶ መቀመጥ፣ ወይም ከኒውካስል ጋር በሚደረግ ጨዋታ ሰንደርላንድ ውስጥ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ሸሚዝ ማድረግ ጠብ መፈለግ ይመስላል። ግራጫ፣ ቡናማ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ የትም ያስገባሉ። ነጭ የቶተንሃም ቀለም ቢሆንም በኮት ሥር ያለን ነጭ ሸሚዝ ኤምሬትስም ውስጥ ማንም ልብ አይለውም። ከስታዲየሙ ውጭ የሚሸጠው፣ ግማሹ የአንዱ ግማሹ የሌላው ክለብ ቀለም የሆነው የመታሰቢያ ሻርፕም በኪስ ቢቆይ ይመረጣል፤ የተጋጣሚው አርማ ስላለበት ብቻ ሳይሆን ቋሚ ደጋፊዎቹ ራሳቸው ስለማይወዱት ጭምር።

አሁን ልብሱ ይገጣጠማል። ለወንድ በየትኛውም የሚሸጥ ሆስፒታሊቲ የማይመለስ አለባበስ ይህ ነው፦ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ የጨርቅ ሱሪ፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ ቀለል ያለ ኮት፣ የተወለወለ የቆዳ ጫማ። ከረባት በኪስ ተጠቅልሎ ቢያዝ ቦታ አይወስድም። ሴቶችን የሚመለከተው የደንቡ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቃላት የታለፈ ነው፤ ቀሚስ፣ የጨርቅ ሱሪ ከሸሚዝ ጋር፣ ወይም ጥሩ ሹራብ ከደህና ጫማ ጋር ሁሉም ያስኬዳል። ጫማው ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ከላውንጁ ወደ መቀመጫው የሚያስኬደው ደረጃ ኮንክሪት ነው፤ ቀጥ ያለና ዝናብ ሲነካው የሚያንሸራትት ነው። ሰዎች ከእረፍት ሲመለሱ ተግተልትለው የሚወርዱበት በመሆኑ ቀጭን ታኮ እዚያ ላይ ያስቸግራል።

የሀበሻ ቀሚስም ያለ ጥርጥር ያስገባል፤ በእንግሊዞች ልማድ የአገር ባህል ልብስ ከሙሉ ልብስ እኩል ነው። እግር ድረስ የወረደው ነጭ ጠርዝ የረጠበ ደረጃ ሲጠርግ ምን እንደሚሆን ማሰብ ግን ለባለቤቷ የተተወ ነው፤ አጠር ያለው ለዚህ ይሻላል። ለወንዶችም እንደዚሁ የባህል ልብስ አይከለከልም። ለብርዱ ከጋቢ የተሻለ ባይገኝም በጠባብ ወንበሮች መካከል የጎረቤትን ፊት ሳይነካ ማጣፋት ከባድ ነው።

ከሁሉም የሚረሳው ብርዱ ነው። የክብር መቀመጫ ሲባል ብዙ ሰው በመስታወት ውስጥ ሆኖ ማየት ይመስለዋል፤ ምሳው ከውስጥ ቢሆንም ጨዋታው በአብዛኛው የሚታየው ከውጭ ነው። መቀመጫው ስፖንጅ ያለው ይሁን እንጂ ነፋሱ እንደማንኛውም መቀመጫ ያገኘዋል። በታኅሣሥ ወር ለንደን ላይ በተለመደው የቅዳሜ ሰዓት፣ ማለትም በኢትዮጵያ አጠራር 9 ሰዓት ላይ በሚጀመር ጨዋታ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ሳይጀመር ፀሐይ ትጠልቃለች። ማንቸስተርና ኒውካስል ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ። በእጅ በያዙት መጠጥ ለመሞቅ ያሰበም አይሳካለትም፤ የ1985ቱ ሕግ በጨዋታው ሰዓት ሜዳው በቀጥታ በሚታይበት ቦታ አልኮል መያዝን ይከለክላል። በቦክሶች ውስጥ እንኳ መጠጥ እንዲቀጥል ከተፈለገ መጋረጃው ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ጨዋታው የለም።

ስለዚህ የሚመረጠው ልብስ ለሁለት ክፍል የሚሆን ነው፤ አንዱ ሙቅ፣ ሌላው ብርድ። መፍትሔው መደራረብ ነው። ከሸሚዙ ሥር ቀጭን የሙቀት ካናቴራ፣ ከላዩ ስስ የሱፍ ሹራብ፣ ከዚያ ኮት፣ በመጨረሻ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካፖርት። የሱፍ ካልሲ ከሁሉ በላይ ይጠቅማል፤ ብርዱ ቀድሞ የሚሰማው ከኮንክሪቱ በእግር በኩል ነው። ጓንትና አርማ የሌለው ሻርፕ በካፖርቱ ኪስ ይቀመጣሉ። ካፖርት ማስቀመጫ ባለባቸው ላውንጆች ሲገቡ አስረክቦ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሰልፉ ሳይረዝም መልሶ መውሰድ ይገባል። በነሐሴና በግንቦት ጨዋታዎች ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ስስ ኮትና ሸሚዝ ይበቃል። ያኔ ፈተናው ቁምጣ ነው፤ ሙቀቱ ቢፈቅደውም ላውንጁ ላይፈቅደው ይችላል።

ቦርሳ ከልብስ ባልተናነሰ ሰው ያስመልሳል። በብዙ ስታዲየሞች ከኤ-4 ወረቀት የሚበልጥ ቦርሳ አይገባም፤ የክብር መቀመጫ ቲኬት ያለውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ከኤርፖርት በቀጥታ የሚመጣ መንገደኛ ሻንጣውን ሆቴል ወይም ባቡር ጣቢያ አካባቢ ማስቀመጥ አለበት። ጃንጥላም ረጅሙ በብዙ በር ስለማይፈቀድ ኮፍያ ያለው ካፖርት ይተካዋል።

የሆስፒታሊቲ በሮች ከጨዋታው ሰዓታት ቀድመው ይከፈታሉ። ቀድሞ መድረስ የሚጠቅመው ለምሳው ብቻ አይደለም፤ በልብስ ምክንያት የተመለሰ ሰው ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል። በር ላይ ያለው አስተናጋጅ ደንቡን አላወጣውም፤ ከእሱ ጋር መከራከር ሰልፉን ከማስቆም ሌላ የሚያመጣው ነገር የለም። የሚሻለው ምን ቢቀየር እንደሚያስገባ በትሕትና መጠየቅ ነው። ችግሩ ቀለም ከሆነ ካፖርቱን እስከ አንገት ቆልፎ መግባት ሊፈቀድ ይችላል፤ ሻርፕ ከሆነ ተረክበው የሚያስቀምጡ አሉ። ጫማ ወይም ሱሪ ከሆነ ወደ ሆቴል መመለስ ወይም በአቅራቢያ ካለ ሱቅ መግዛት ግድ ነው። በአለባበስ ምክንያት ሳይገባ የቀረ ሰው ገንዘቡ እንደማይመለስለት በሽያጭ ውሉ ላይ የሚጽፉ ክለቦች ስላሉ፣ ሁለተኛ ሱሪና አንድ የቆዳ ጫማ ከሻንጣው ሥር መኖሩ ከቲኬቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ሸክም አይደለም።