«ጠልዘው!» ብዬ የሰደብኩት የእህቴን ልጅ ነው

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

ዕድሜዬ ወደ አርባ እየተጠጋ ነው። የምኖረው ፉሪ ነው፣ የምተዳደረውም በብየዳ ሥራ ነው። ሰበታ ከተማ ፕሪሚየር ሊግ የገባ ጊዜ ማሊያ ገዝቼ ሰፈሩን ዞሬበታለሁ፤ የወረደ ጊዜ እንደ ሞተ ሰው አልቅሼለታለሁ። ከዚያ ወዲህ ልቤን የሰጠሁት ለሰፈራችን ቡድን ነው። የምንጫወተው ከከፍተኛ ሊጉ በታች ነው። ሜዳችን በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው።

ዘንድሮ አዲስ አሰልጣኝ መጣና «ከአሁን በኋላ ኳስ ከበረኛው ተመስርቶ ነው የሚወጣው» አለ። በረኛው ለተከላካይ ያቀብላል፣ ኳሷ ጉብታ ላይ ትነጥራለች፣ የነሱ አጥቂ ይነጥቃል፣ አለቀ። ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነን።

በረኛው የእህቴ ልጅ ነው፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው እሁድ ያው ነገር ሲደገም «አንተን ብሎ በረኛ! ጠልዘው!» ብዬ ጮህኩ፤ በዚያም ሳላቆም እናቱን ጨምሬ ሰደብኩት። እናቱ እህቴ ናት። ሜዳ ዳር የቆመው ሁሉ ሳቀ። ልጁ ዞሮ አየኝ። እህቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬን አታነሳም፤ የአባታችን ሙት ዓመት ደግሞ እየደረሰ ነው። ኳስ ማየት ልተው? ደግሞስ በአጨዋወቱ ትክክለኛው እኔ ነኝ ወይስ አሰልጣኙ?

ጉሮሮው የነቃው፣ ከፉሪ

ወንድሜ፦

ስለ አጨዋወት የጠየቅኸውን በኋላ እመጣበታለሁ፤ እሱ ላይ አገሩ ሁሉ ስንት ዘመን ተከራክሮ አልተስማማም። የእህትህ ጉዳይ ግን ለነገ አይባልም።

መደወሉን ተው፣ ቤቷ ሂድ። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ ሂድ። በተሰበሰበ ዘመድ ፊት ይቅርታ ብትጠይቃት «እምቢ» የምትልበትን በር ትዘጋባታለህ፤ እሷ ደግሞ እምቢ ማለት መብቷ ነው። ሽማግሌ ልላክ ብለህ ከሆነም ተወው። ያጠፋኸው አንተ ነህና ራስህ ሂድ፤ እሷ ምን አጠፋች? ስትደርስ «ስሜት ውስጥ ገብቼ ነው»፣ «ኳስ እኮ ነው» የሚሉት ነገሮች ምላስህ ጫፍ ላይ ይመጣሉ፤ ዋጣቸው። አንድ ነገር ብቻ በል፦ «ልጅሽን በሰው ፊት አዋረድኩት፣ አንቺንም ሰደብኩሽ፣ ጥፋተኛ ነኝ።» ከዚያ ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ እንደፈለገች ትናገርህ። (አባቱን ሰድበህ ቢሆን ኖሮ ከአማችህ ጋር ነበር የምትጣላው። እናቱን ስትሰድብ የእናትህን ቤት ነው የነካኸው፤ ይሄ ሜዳ ላይ ትዝ አላለህም።)

ልጁን ደግሞ ከእናቱ ለይተህ አነጋግረው። የተሰደበው በሰው ፊት ስለሆነ ጓዳ ውስጥ የሚባል ይቅርታ አይመጥነውም። ልምምድ በሚጨርሱበት ሰዓት ሂድና ጓደኞቹ ባሉበት እጁን ጨብጠው። ረጅም ንግግር አታድርግ፤ በዚያ ዕድሜ ረጅም ንግግር ራሱ ሌላ ውርደት ነው።

አሁን ወደ ኳሱ። በረኛ የኋላ ቅብብል በእጁ እንዳይዝ የተከለከለው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በረኛ እግሩን መማር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ የመልስ ምት ሲመታ ኳሷ ከቅጣት ክልሉ መውጣት አለባት የሚለው ሕግ ቀረ፤ ተከላካዩ እዚያው ክልሉ ውስጥ ሊቀበል ይችላል። በዲኤስቲቪ ቤት የምታየው በረኛ ሁሉ አጠገቡ ላለው ሰው የሚያቀብለው ስለዚህ ነው። ሐሳቡ ለቅንጦት የመጣ አይደለም። ሁለት አጥቂ ሊጫንህ ቢመጣ፣ ሁለቱ መሀል ተከላካዮች፣ ዝቅ ያለው አማካይና በረኛው አራት ናቸው፤ አራት ለሁለት ነህ። የመጀመሪያውን ጫና ካለፍክ መሀል ሜዳው ይከፈትልሃል። በረጅሙ ስትለጋ ግን ኳሷ ሃምሳ ሃምሳ ናት፤ አጥቂህ አጭር ከሆነ ደግሞ ከዚያም ታንሳለች።

በእኛ አገር ይሄን ክርክር በደንብ የሚያውቁት የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች ናቸው። ካሳዬ አራጌ ለ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ተመልሶ ቡናን ሲይዝ ኳስ ከበረኛው ይመሰረታል አለ፤ ከዚያም ወዲያ ወዲህ አላለም። በራሳቸው ግብ አፋፍ ኳስ እየተነጠቁ ግብ ሲገባባቸው ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ፦ ግማሹ «ይሄ ነው ቡና» ሲል፣ ግማሹ ያንተን ቃል ይጮህ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ያው ቡድን ከፋሲል ከነማ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። የሊጉ ዋንጫ ግን አልመጣም። ስለዚህ ሁለቱም ወገን እስከ ዛሬ የሚጠቅሰው ማስረጃ አለው።

ያንተው ሰበታም ቢሆን ከዚህ ክርክር ውጪ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. ያሰለጥነው የነበረው ውበቱ አባተ ነው፤ ቡናን በ2003 ዓ.ም. ሻምፒዮን ያደረገው ሰው። ያ የውድድር ዘመን በኮሮና ተሰረዘ። ውበቱ ብሔራዊ ቡድኑን ሊይዝ ሲሄድ፣ ከብሔራዊ ቡድኑ የለቀቀው አብርሃም መብራቱ ደግሞ ወደ ሰበታ መጣ። ዋልያዎቹ በውበቱ ሥር ኳስ ይዘው እየተጫወቱ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ አንተም ፉሪ ውስጥ ሳትጮህ አልቀረህም፤ ያን ቀን «ጠልዘው» ያለ ሰው ግን አላስታውስም።

ፍርዴን ከፈለግህ፣ የአሰልጣኙ ሐሳብ አያስቀይመኝም፤ የሚያስቀይመኝ ሜዳውን ሳያይ ማምጣቱ ነው። ቅብብል የሚሠራው ኳስ ሲንከባለል እንጂ ስትነጥር አይደለም። ደግሞም የቡና ተጫዋቾች ሥራቸው ኳስ ብቻ ነው፤ የእናንተ ልጆች ቀን ሠርተው ማታ የሚለማመዱ ከሆነ ያን የአቋቋም ልምድ ከየት ያምጡት? ስለዚህ አሰልጣኙን ስታገኘው «ለምን በረጅሙ አይለጉም?» አትበለው፤ ይሄን ከመቶ ሰው ሰምቷል። «ሁለቱም ተከላካዮች ሲያዙበት ልጁ ለማን ነው የሚሰጠው?» ብለህ ጠይቀው። መልስ ካለው ታገሥ። ከሌለው ጥፋቱ የሱ ነው፤ ያን ጊዜም ልጁ የታዘዘውን እየሠራ ግብ የሚገባበት ልጅ ነው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው ግን ቁጣህ ከዘንድሮው በፊት የጀመረ መሰለኝ። ለሰበታ እንደ ሞተ ሰው ነው ያለቀስኩት ብለሃል። እስቲ አስብ፦ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄድ ነበር፤ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ። ቡድንህ በ2014 ከአዲስ አበባ ከተማና ከጅማ አባ ጅፋር ጋር ሲወርድ አንተ ምናልባት በቴሌቪዥን ነው ያየኸው። ብሔራዊ ቡድኑስ ቢሆን ግብፅን «በሜዳው» ያሸነፈው ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ አልነበር? በዓመቱ ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለሉ፤ ፉሪም ክፍለ ከተማ ሆነች። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድም ሰው አልጠየቀህም፤ ብትጮህም የሚሰማህ አልነበረም። አሁን የምትደግፈው ቡድን ግን ከሜዳ ዳር አሥር እርምጃ ላይ ነው። ብትጮህ ይሰማል። የሚሰማህ ግን ያጠፋብህ ሰው አይደለም፤ የሚሰማህ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው።

ኳስ ማየት ልተው ላልከው፣ አትተው። በዚያ ደረጃ ያለ ቡድን የሚቆመው በሜዳ ዳር ሰው ነው፤ አንድ ሰው ሲቀር ይታወቃል። ከግቡ ጀርባ ግን አትቁም። መሀል ሜዳው መስመር ላይ ቁም፤ ልጁ ከዚያ ፊትህን አያይም፣ አንተም ኳሱን የተሻለ ታያለህ።

ደግሞ አንተ በያጅ ነህ። ሜዳው ጎበጥባጣ ነው ብለህ ለኔ ከምትጽፍልኝ፣ ከቁርጥራጭ ብረት አንድ ከባድ መደልደያ በይድ፤ ሁለት ሰው በገመድ የሚጎትተው ይበቃል። ቅዳሜ ከሰዓት አፈሩ ውኃ ይርከፍከፍበትና ቢያንስ ሁለቱን የቅጣት ክልሎች ጎትቱት፤ ልጁ የሚያቀብለው እዚያ ነው። አሰልጣኙን አስፈቅደው፣ እምቢ የሚልም አይመስለኝም። ከገመዱ አንዱን ጫፍ ለእህትህ ልጅ ስጠው፤ መጀመሪያ ግን እናቱ ጋ ሂድ።