በማሻ ማር ውስጥ የሚገኙ ባለሁለት አሃድ ስኳሮች አሰያየም

በሸካ ዞን በማሻ ደን የሚቆረጠው ማር፣ እንደ ሌላው ማር ሁሉ፣ በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ ሲሆን ሱክሮስ፣ ማልቶስና ቱራኖስ በጥቂቱ ይገኙበታል። የሦስቱም ሞለኪውላዊ ክብደት 342 በመሆኑ የሚለዩት በአሃዶቻቸውና በትስስራቸው ነው።

ስያሜው በሦስት ደረጃ ይዋቀራል፦ አኖመራዊ ካርቦኑን ለትስስሩ የሰጠው አሃድ በ«-ኦሲል» ተጠርቶ ይቀድማል፤ የተያያዙት ካርቦኖች ቁጥር ይከተላል፤ የሁለተኛው አሃድ አኖመራዊ ካርቦን ነጻ ከሆነ ስሙ በ«-ኦስ»፣ ከታሰረ በ«-ኦሳይድ» ያበቃል። በዚህም መሠረት፦

ማልቶስ፦ አልፋ-ዲ-ግሉኮፒራኖሲል-(1→4)-ዲ-ግሉኮስ
ቱራኖስ፦ አልፋ-ዲ-ግሉኮፒራኖሲል-(1→3)-ዲ-ፍሩክቶስ
ሱክሮስ፦ አልፋ-ዲ-ግሉኮፒራኖሲል-(1→2)-ቤታ-ዲ-ፍሩክቶፉራኖሳይድ

ልዩነቱ ለገበያም ይጠቅማል። የኮዴክስ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው ሱክሮስ በ100 ግራም ከ5 ግራም አይበልጥም። ማልቶስን ወይም ቱራኖስን ከሱክሮስ ሳይለይ የሚመዘግብ ምርመራ፣ ንጹሑን የጫካ ማር ስኳር የተቀላቀለበት ሊያስመስለው ይችላል።