በጥቅምት የተገኘ ገበያ

በአየርላንድ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ዌክስፎርድ የምትባል አነስተኛ የወደብ ከተማ አለች። በዚያ አገር በጥቅምት ወር ብርዱና ዝናቡ ይበረታል፤ የበጋው እንግዳ ስለሚመለስም የሆቴሉ አልጋ ባዶውን ያድራል። እ.ኤ.አ. በ1951 ሐኪሙ ዶክተር ቶም ዎልሽ፥ የሆቴል ባለቤቱ ዩጂን ማካርቲና ጓደኞቻቸው የኦፔራ (ይኸውም ቃሉ በዜማ የሚባልበት ትያትር) በዓል የከፈቱት ግን በዚሁ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወር ነው። የመጀመሪያው ትርዒት የባልፍ «የካስቲል ጽጌረዳ» ነበር።

ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባው የዕቃውን ምርጫ ነው። በለንደንና በሚላን ዘወትር የሚሰማውን ለመስማት ባሕር ተሻግሮ ዌክስፎርድ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ሌሎች የተዉትን፥ የተረሳውን ኦፔራ እየፈለገ ማቅረብን ልማዱ አደረገ፤ ወዳጁም ይህን ከሌላ ቦታ ስለማያገኘው የመንገዱን ርዝመት አይቈጥርም።

ከመጋረጃው በስተኋላ ያለው ሒሳብ ግን ከባድ ነው። ዘፋኙ፥ የሙዚቃው ጓድ፥ ልብስ ሰፊውና አናጺው መጋረጃው ከመገለጡ አስቀድሞ ብዙ ልምምድና ዝግጅት ያደርጋሉ፤ ይህም ወጪ አለው። ወንበርም እንደ ጨርቅ በመጋዘን አይቀመጥም፤ ዛሬ ማታ ያልተሸጠው ለነገ አይተርፍም። የቲኬቱ ገቢ የማይችለውን ወጪ የመንግሥት ድጎማና የለጋሾች ገንዘብ ይደግፈዋል፤ በርካታ የከተማው ሰዎችም እንግዳ በማስተናገድና ከመድረክ በስተኋላ በመርዳት ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። ባለሱቆቹ በበዓሉ ሰሞን መስኮታቸውን ያስጌጣሉ፤ የመክፈቻው ምሽትም በርችት ይደምቃል።

አሮጌው ትያትር ቤት ፈርሶ በቦታው አዲሱ የኦፔራ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቷል። በዓሉ ግን ዛሬም የሚከፈተው በዚያው ወር ነው።