ሂላው አጠገብ ይቁሙ

በመተማና በቋራ ቆላ መስከረም ሲጋመስ ሰሊጥ ከታች ወደ ላይ እየደረሰ ይሄዳል። የታችኛው ፍሬ ደርቆ አፉን ሊከፍት ሲል የላይኛው ገና ለጋ ነው። አጨዳው ቢዘገይ ዘሩ ይረግፋል፤ ቢቸኩል ያልሞላ ፍሬ ይታጨዳል። ይህን ቀን ጎንደር ከተማ ተቀምጦ በስልክ መወሰን እንዴት ይቻላል?

ብዙ ባለሀብት ግን በስልክ ያርሳል። ምርቱ ሲያንስበት ካቦውን ይጠይቃል፤ ካቦው ሠራተኛውን ይወቅሳል፤ ሠራተኛው በዝናቡ ያመካኛል። ሁሉም ተናግሮ ይጨርሳል፤ ዘሩ የት እንደቀረ ግን ማንም አላየም።

እርስዎ ግን ሄደው ይዩ! የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ሂላ የሚባል የቆመ ክምር ተሠርቶ ሁለት ሳምንት ያህል ይደርቃል፤ ከዚያ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። አንዷን ነዶ ከሂላው እስከ ጆንያው ድረስ በዓይንዎ ይከተሏት። ሸራው ርቆ ተነጥፎ ከሆነ፣ ሠራተኛው ነዶውን ተሸክሞ በሄደበት መንገድ ሁሉ ነጭ ዘር ተዘርቶ ያገኙታል። ሥራው በቀትር ሐሩር ከተሠራ ደግሞ የደረቀው ፍሬ በትንሽ ንቅናቄ ይፈነዳል። ከሂላው ሥር ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ ዘሩን የሚመጥ ተባይ እዚያ ይደበቃል። የረገፈው ከመሬት ተጠርጎ ሲገባ አፈርና ጠጠር ይዞ ይገባል፤ ይህም በምርት ገበያው ደረጃውን ያወርደዋል። መፍትሔው ሸራውን ሂላው ሥር ማንጠፍ፣ ሥራውንም ወደ ማለዳው ማምጣት ሊሆን ይችላል። ለዚህ አዲስ ብድር አያስፈልግም።

ቆሞ ማየት በፋብሪካም የታወቀ ነው። የጃፓኑን የቶዮታ ኩባንያ የአመራረት ሥርዓት የቀረጹት ታይቺ ኦኖ፣ አለቆችን ፋብሪካው ወለል ላይ በጠመኔ በተሰመረ ክብ ውስጥ አቁመው ሥራውን ለሰዓታት ያስመለክቷቸው እንደነበር ይነገራል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ያስፋፋው ካይዘን፣ ማለትም ሥራን ቀስ በቀስ የማሻሻል ዘዴ፣ ከዚያው ከጃፓን የመጣ ነው። ለእኔ ከካይዘን ትምህርት ሁሉ ትልቁ ይኸው ቆሞ ማየት ነው።

ሲሄዱ ጥፋተኛ ሊይዙ እንዳልሄዱ ይታወቅልዎ። ባለቤቱ ሲመጣ ሁሉም ይሯሯጣል፤ ስለዚህ ሰላምታ ሰጥተው ጥላ ያለበት ይቀመጡ፤ ሥራው ወደ ልማዱ እስኪመለስ ይታገሡ። ከደጋ የመጣውን አጫጅ «ወንድሜ፣ እዚህ ሥራ ላይ የሚያስቸግርህ ምንድን ነው?» ይበሉት። የውኃው በርሜል ርቆ በየጊዜው እየተመላለሰ እንደሚውል ይነግርዎት ይሆናል። ሲናገር አያቋርጡት። ቀኑን ሙሉ ከሰሊጡ ጋር የሚውለው እሱ ነው።

ገንዳ ውኃ ከተማ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለዎትም እንዲሁ ያድርጉ፤ ከባንኮኒው ወጥተው ደንበኛው የሚጠብቅበት ወንበር ላይ ይቀመጡ።

የሰሊጥን የዓለም ዋጋ እርስዎ አይወስኑትም፤ የድንበሩም ሰላም በእጅዎ አይደለም። ከአገዳው እስከ ጆንያው ያለው መንገድ ግን የእርስዎ ነው። በዚህ አጨዳ ስልኩን ይዝጉና፣ ማለዳ ተነስተው ማሳዎ ላይ ይዋሉ!