ቲማቲም ሲበስል ለምን ይለሰልሳል?

ከመቂና ከባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ቲማቲም በእንጨት ሣጥን ተደራርቦ ሲጓዝ፣ ከታች ያለው ፈርጦ ይደርሳል። አምራቹም ነጋዴውም በጉዞው ያመካኛሉ። ጉዞው ድርሻ ቢኖረውም ጉዳቱ የሚጀምረው ከፍሬው ውስጥ ነው።

የቲማቲም ሕዋስ ግድግዳ ከጭቃ ቤት ግድግዳ ጋር ይመሳሰላል። ሴሉሎስ የተባለው ጠንካራ ክር እንደ ማገር ነው፤ ሄሚሴሉሎስ ማገሩን እንደሚያስረው ልጥ ነው፤ ፔክቲን ደግሞ እንደ ጭቃው ሆኖ አንዱን ሕዋስ ከጎረቤቱ ጋር ያጣብቃል። ፍሬው ለመብሰል ሲነሣ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። በዚህ ምልክት ፍሬው ራሱ ኢንዛይሞችን ሠርቶ የገዛ ግድግዳውን ማላላት ይጀምራል። ፔክቲን ሜቲልኤስተሬዝ ፔክቲኑን ለመቆረጥ ያመቻቻል፤ ፖሊጋላክቱሮኔዝና ፔክቴት ላይዝ ይቆርጡታል። ኤክስፓንሲን የተባለው ፕሮቲን ግን ምንም ሳይቆርጥ ማሰሪያውን ብቻ ያላላል።

እነዚህን የሚያሠራው ለየአንዳንዳቸው አንድ ዘረ መል ብቻ አይደለም። በአመጣጣቸው የሚዛመዱ በርካታ ዘረ መሎች እንደ ቤተሰብ ሆነው፣ አንዱ በሥር፣ ሌላው በአበባ፣ ሌላው በሚበስል ፍሬ ውስጥ ይሠራሉ። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ፍሌቨር ሴቨር የተባለ ቲማቲም የፖሊጋላክቱሮኔዝ ዘረ መሉ እንዲዳከም የተደረገ ነበር። ሆኖም መለስለሱ የታሰበውን ያህል አልቀነሰም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከገበያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ግን አንድ የፔክቴት ላይዝ ዘረ መል ሲታፈን ፍሬው እንደ ወትሮው እየቀላ ጥንካሬውን ይዞ እንደሚቆይ አሳይቷል። እንደ እኛ አስተያየት የተሻለው ተስፋ በዚህ በኩል ነው።

እስከዚያው አምራቹ ኢንዛይሞቹን የሚያዘገይበት መንገድ አለው። ሩቅ ለሚሄድ ጭነት ፍሬው ጫፉ መቅላት ሲጀምር እንዲለቀም እንመክራለን። በአረንጓዴነቱ የሚለቀም ከሆነ፣ መድረሱን ለማወቅ አንድ ፍሬ በቢላ መሰንጠቅ ይበቃል፤ ከደረሰ ዘሩ ከቢላው ይንሸራተታል፣ ካልደረሰ አብሮ ይቆረጣል። የበሰለና የተቀጠቀጠ ፍሬ ከጥሬው ጋር አይጫን፤ የሚያወጣው ኤትሊን ጥሬውን ያስቸኩለዋል። የተለቀመው ወዲያው ጥላ ሥር ይግባ። ማቀዝቀዣ ያላቸው ግን ይጠንቀቁ፦ ያልበሰለ ቲማቲም ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ለብዙ ቀናት ከቆየ ቀለሙ በደንብ አይወጣም፣ ቶሎም ይበሰብሳል።