ለዓይን ብግነት የሚሰላው የደም ቁጥር ለኢትዮጵያውያን ምን ያህል ይታመናል?

በሚኒያፖሊስ ከተማ የሚገኘው የፊሊፕስ ሰፈር የብዙ ምሥራቅ አፍሪካውያን መኖሪያ ነው። ትልቁ የአቦት ኖርዝዌስተርን ሆስፒታልም በዚሁ ሰፈር ይገኛል። በአሜሪካ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል ደንብ ምክንያት የላቦራቶሪ ውጤት ሐኪሙ ሳያብራራው በፊት በታካሚው ስልክ ላይ ሊደርስ ይችላል። የታይሮይድ ሕመም ዓይኑን የነካበት ሰው ውጤቱን ብቻውን ሲያነብ ከሚያገኛቸው ቁጥሮች አንዱ፣ ታካሚው ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል።

በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚከተለው ሮበርት ግሬቭስ የተባለው የአየርላንድ ሐኪም በ1835 የገለጸውንና በስሙ የሚጠራውን ሕመም ነው። የሰውነት መከላከያ የታይሮይድ ዕጢን ያለ ልክ የሚያነሣሣ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ይህ ፀረ እንግዳ አካል የሚጣበቅበት ተቀባይ ከዓይን ኋላ ባለው ሥጋና ስብ ውስጥም ስለሚገኝ፣ ያ ክፍል ያብጥና ዓይንን ወደ ፊት ይገፋል። በአገራችን በአዮዲን እጥረት ከሚመጣው እንቅርት የተለየ ነገር ነው፤ ይሁንና «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አባባል የታካሚውን ሁኔታ በሚገባ ይገልጸዋል።

ብግነቱ መቀጠል አለመቀጠሉን ማወቅ ሕክምናውን ይወስናል፤ ስቴሮይድን የመሰሉ መድኃኒቶች የሚጠቅሙት በዋናነት ብግነቱ ንቁ በሆነበት ወቅት ነውና። ለዚህ የተለመዱት የብግነት ምርመራዎች፣ ማለትም ሲአርፒና ኢኤስአር፣ ብዙም አይረዱም። እብጠቱ በጠባብ ስፍራ የተወሰነ በመሆኑ በደም ውስጥ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በቱርክና በቻይና የሚገኙ ተመራማሪዎች ርካሽ መንገድ ሞከሩ፦ ከተራ የደም ሴል ቆጠራ ላይ የኒውትሮፊልን ቁጥር ለሊምፎሳይት ማካፈል። ድርሻው ከፍ ሲል ብግነት አለ ተብሎ ይገመታል። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ተጨማሪ መሣሪያም ሆነ ተጨማሪ ደም አይጠይቅም።

ችግሩ መነሻው ላይ ነው። በ2009 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ ዳፊ በሚባለው የደም ዓይነት ዘረመል ላይ ያለ አንድ ለውጥ የአፍሪካ ተወላጆችን የኒውትሮፊል ቁጥር ዝቅ ያደርጋል። (ይኸው ለውጥ ቫይቫክስ ከተባለው የወባ ዓይነት ብዙ ይከላከላል።) በምዕራብ አፍሪካ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ይሸከመዋል፤ በኢትዮጵያ ግን የሚሸከመው ከሕዝቡ ከፊሉ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ በሽታ አይደለም። የኢትዮጵያውያን የደም መለኪያ ለብቻው መጠናት እንዳለበትም ከታወቀ ቆይቷል፤ በ1999 የታተመ ጥናት 485 ጤነኛ ጎልማሳ ኢትዮጵያውያንን የመረመረው ለዚሁ ነበር።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ጤነኛ ሰው ኒውትሮፊል 4,200፣ ሊምፎሳይቱ 2,000 ቢሆን ድርሻው 2.1 ይሆናል። ለውጡን የሚሸከም ሌላ ጤነኛ ሰው ኒውትሮፊሉ 1,800፣ ሊምፎሳይቱ ያው 2,000 ቢሆን ድርሻው 0.9 ነው። ሁለተኛው ሰው ታሞ ኒውትሮፊሉ እጥፍ ቢሆን እንኳ ድርሻው 1.8 ብቻ ይደርሳል፤ ከመጀመሪያው ጤነኛ ሰው ያነሰ። ዜሮው ባልተስተካከለ ሚዛን እንደ መመዘን ነው። የሚጠቅመው ሰውየውን ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ማነጻጸር ነው።

ያም ቢሆን ስቴሮይድ ከተጀመረ በኋላ ንጽጽሩ ይፋለሳል። መድኃኒቱ ራሱ ኒውትሮፊልን ከፍ፣ ሊምፎሳይትን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ዓይኑ እየዳነ ቁጥሩ ሊባባስ ይችላል።

የቀድሞው ውጤት ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። ለታይሮይዱ የሚሰጠው ሜቲማዞል አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር የ2016 መመሪያ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ደም እንዲቆጠር የሚመክረው፣ መነሻው ኒውትሮፊል ከ1,000 በታች ከሆነም መድኃኒቱን መስጠት ዳግም እንዲታሰብበት የሚያሳስበው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከተሰማው መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ዕለት ደሙን ማስቆጠር አለበት።

ከደም ምርመራዎች ለበሽታው ይበልጥ የሚቀርበው የተቀባዩን ፀረ እንግዳ አካል የሚለካው ነው። የመጨረሻው ዳኛ ግን አሁንም የዓይን ሐኪሙ ምርመራ ነው። በ1989 በአምስተርዳም የተቀረጸው መለኪያ ዛሬ በመጀመሪያው ጉብኝት ሰባት ምልክቶችን ይቆጥራል፦ ከዓይን ኋላ የሚሰማ ሕመም፣ ዓይን ሲንቀሳቀስ የሚሰማ ሕመም፣ የቆብና የዓይን ነጩ ክፍል መቅላት፣ የቆብ፣ የነጩ ሽፋንና በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ጥግ ማበጥ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከተገኘ በሽታው ንቁ ነው ይባላል። ቀለማት መደብዘዝ ከጀመሩ ወይም ዕይታ ከቀነሰ ግን ያበጠው ሥጋ የዕይታን ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል፣ የደም ውጤት ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።