በሕክምና የማይጠፋው ኤች.አይ.ቪ፦ የድብቅ ክምችቱ ምንነትና ጽናት

ፀረ-ኤች.አይ.ቪ መድኃኒቶች በአግባቡ ሲወሰዱ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይቀንሳል። ሕክምናው ሲቋረጥ ግን ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያገረሻል።

ኤች.አይ.ቪ የዘር መልእክቱን ወደ ዲ.ኤን.ኤ ለውጦ በሲዲ4 ሕዋስ ክሮሞሶም ውስጥ ያስገባል። ከተጠቁት ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን የማስታወስ ሕዋሳት ሆነው ያርፋሉ። ቫይረሱ በእነዚህ ውስጥ እንቅስቃሴውን ስለሚገታ የበሽታ መከላከል ሥርዓቱ አይለያቸውም፤ መድኃኒቶቹም የሚያግዱት የመራባት ሂደት አያገኙም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሦስት የተመራማሪ ቡድኖች በሕክምና ላይ ከነበሩ ሰዎች ሕዋሳት መራባት የሚችል ቫይረስ በማግኘት ይህን ክምችት አረጋግጠዋል።

ክምችቱ በግማሽ ለመቀነስ 44 ወራት ያህል እንደሚወስድበት ተለክቷል። በዚህ ፍጥነት አንድ ሚሊዮን ሕዋሳት ያሉት ክምችት በመድኃኒት ብቻ እስኪጠፋ ከ70 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ለዚህ አንዱ ዐቢይ ምክንያት የሕዋሳቱ መከፋፈል ነው፤ የተጠቃ ሕዋስ ሲከፈል በውስጡ ያለውን ቫይረስ ለአዲሶቹ ሕዋሳት ያወርሳል። መድኃኒቱ ጤነኛ ሕዋስ እንዳይጠቃ ይከላከላል እንጂ የተጠቃው እንዳይባዛ አያግድም።

በአሜሪካ ሚሲሲፒ የተወለደች አንዲት ሕፃን ከተወለደች በ30 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ጀምራ በ18 ወር ዕድሜዋ ገደማ አቋርጣለች። ከሁለት ዓመት በላይ ቫይረሱ ሳይታይባት ቢቆይም እ.ኤ.አ. በ2014 ዳግም ተገኝቶባታል። ስለዚህ የቫይረሱ አለመታየት መጥፋቱን አያረጋግጥም፤ የፈውስ ምርምርም ከመራባቱ ባሻገር የተጠቁትን ሕዋሳት ዕድሜና መባዛት ማነጣጠር ይኖርበታል።